ሙያ በልብ፣ አመል ከመሐል

አማርኛችን ስለ ሰው ችሎታና ስለ ሰው ጠባይ የሚናገሩ ሁለት አጫጭር ምሳሌዎች አሉት። አንዱ «ሙያ በልብ ነው» ይላል፤ ሌላው «አመል ያወጣል ከመሐል» ይላል። የመጀመሪያው ባለሙያውን ሳይታበይ ዝም ብሎ እንዲሠራ ይመክራል። ሁለተኛው ደግሞ ባለሙያም ሆነ አልሆነ፣ አመሉ ያስቸገረ ሰው ከማኅበሩ መካከል ተነቅሎ እንደሚወጣ ያስጠነቅቃል። አባቶቻችን እነዚህን ሲናገሩ የኳስ ሜዳ አልታያቸውም። ይሁን እንጂ በስደት ዓለም ከምናነሣቸው የማያልቁ ክርክሮች አንዱን፣ ማለትም በሙያ ደረጃ ለሚጫወት ሰው ጠባይ ከተሰጥኦ እኩል ይመዝናል ወይ የሚለውን፣ ለመጀመር ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የተሻለ አላገኘሁም።

«ኳስ እኮ ነው፤ ምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?» የሚሉ አንባቢያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ክርክሩ በየምግብ ቤቱና በየቡናው ዙሪያ ሲነሣ ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው፣ ጉዳዩ የኳስ ብቻ አይደለም። ታላቅ ሥራ የሠራ ሰው ለበደሉ ምን ያህል ምሕረት ይገባዋል? ሥራው ዕዳውን ይከፍልለታል? ይህንኑ ጥያቄ ስለ ዘፋኙም፣ ስለ ደራሲውም፣ ስለ መሪውም እንጠይቀዋለን። ስለ መሪው ስንጠይቀው እንጣላለን፤ ስለ ተጫዋቹ ስንጠይቀው ግን ቡናችንን ጠጥተን በሰላም እንለያያለን። ስለዚህ የኳስ ሜዳ ጥያቄውን ያለ ደም መፋሰስ ለመመርመር የተመቸ ቦታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ሁለት ፊልሞችና አንድ መጽሐፍ ናቸው። ሦስቱም ስለ ሦስት ታላላቅ ተጫዋቾች የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሦስቱም ለጥያቄያችን የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደ እነሱ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ቃል ማጥራት ያስፈልጋል።

ጠባይ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ክርክሩ መጨረሻ የሚያጣው፣ ተከራካሪዎች አንድ ቃል እየጠሩ አራት ነገር ስለሚያስቡ ነው። አንደኛው ትጋት ነው፤ ከልምምድ አለመቅረት፣ በጊዜ መተኛት፣ አካልን መጠበቅ፣ 90 ደቂቃ ሙሉ መሮጥ። ሁለተኛው ጽናት ነው፤ ቡድን በግብ ወደ ኋላ ሲቀር አለመሸበር፣ ስታዲየሙ ሲጮህ ልብን ማርጋት። ሦስተኛው ምግባር ነው፤ ማለትም ሰው በሰው ላይ የሚያደርገው፣ በባላጋራው፣ በዳኛው፣ በጓደኛው፣ በቤተሰቡ ላይ። አራተኛው ታዛዥነት ነው። የክለብ አስተዳዳሪዎችና አሠልጣኞች «ጠባየ መልካም» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ይህንን አራተኛውን ነው፤ አፉን የማይከፍት፣ ተቀመጥ ሲሉት የሚቀመጥ፣ ለጋዜጠኛ ክፉ የማይናገር ተጫዋች።

ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተሰጥኦ ውጭ የሚቆሙ ነገሮች አይደሉም። «ተሰጥኦ» የሚለው ቃል ሲጠራ ከሰማይ የወረደ፣ ያለቀለት ስጦታ ያለ ይመስለናል። በመንደር ጨዋታ ምናልባት እንደዚያ ነው። በሙያ ደረጃ ግን አይደለም። የመንደሩ አንደኛ የነበረ ልጅ ወደ ክለብ ልምምድ ሜዳ ሲገባ ሃያ አምስት የየመንደራቸውን አንደኞች ያገኛል። እዚያ ሁሉም ኳስ ያውቃል። የሚለያቸው ያንኑ የሚያውቁትን ነገር ደክሟቸውም፣ ፈርተውም፣ ተሰድበውም መድገም መቻላቸው ነው። ስለዚህ ትጋትና ጽናት የተሰጥኦ ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ የተሰጥኦ ሥጋና ደም ናቸው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ምሳሌ ትንሽ ገፋ አድርጌ የምረዳው በዚህ መንገድ ነው፤ የእግር ሙያ ራሱ የሚኖረው በልብ ውስጥ ነው።

እንግዲህ «ጠባይ ወይስ ተሰጥኦ?» ብሎ ሁለቱን በሚዛን ማስቀመጥ ትርጉም የሚኖረው ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ምግባር ስንጠይቅ ብቻ ነው። ሦስቱን ሥራዎች የምመለከታቸውም በዚህ ዐይን ነው።

ሰውየውን ብቻ የሚያይ ካሜራ

ዳግላስ ጎርደንና ፊሊፕ ፓሬኖ የተባሉ ሁለት የሥነ ጥበብ ሰዎች ኤፕሪል 23 ቀን 2005 ሪያል ማድሪድ ከቪያሪያል ጋር ሲጫወት 17 ካሜራዎችን በሜዳው ዙሪያ ተከሉ። ካሜራዎቹ ኳሱን ትተው አንድ ሰው ብቻ ተከተሉ፤ ዚነዲን ዚዳንን። «ዚዳን፦ የ21ኛው ክፍለ ዘመን ምስል» የተባለው ፊልም ከዚህ ተሠራ። ተመልካቹ የጨዋታውን አካሄድ በወጉ መከታተል አይችልም። የሚያየው የሰውየውን ፊት፣ ላቡን፣ የጫማው ጫፍ ሣሩን ሲጭር ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም አያደርግም፤ ይራመዳል፣ ይመለከታል። ከዚያ ድንገት ኳስ ወደ እርሱ ትመጣለች፤ ሁሉም ነገር ይለወጣል። በጨዋታው መገባደጃ ግርግር ይነሣል፤ ዚዳን ሮጦ ይገባበታል፤ ቀይ ካርድ ያይና ይወጣል። ፊልሙም እዚያው ያበቃል።

ይህ ፊልም በ2006 በካን የፊልም በዓል ላይ በታየ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓለም ሁሉ ተመሳሳዩን መጨረሻ በበርሊን አየ። ጁላይ 9 ቀን 2006 በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በ7ኛው ደቂቃ ዚዳን የፍጹም ቅጣት ምቱን በዝግታ ወደ ላይ አንሥቶ፣ የግቡን አግዳሚ አስነክቶ አስቆጠረ። በ110ኛው ደቂቃ ደግሞ የኢጣሊያውን ተከላካይ ማርኮ ማቴራዚን በግንባሩ ደረቱን መታው። አርጀንቲናዊው ዳኛ ኦራሲዮ ኤሊዞንዶ ቀይ ካርድ አሳዩት። ኢጣሊያ በፍጹም ቅጣት ምቶች 5 ለ 3 አሸነፈች። በማግስቱ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተሰየመው ግን ዚዳን ነበር። ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክም በዚያው ቀን በቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው አመሰገኑት።

ከዚህ በኋላ አንድ የሚያምር አስተሳሰብ ተስፋፋ። «ያ ቁጣ ባይኖር ያ ጥበብ አይኖርም ነበር፤ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ» የሚል። የፊልሙም ዝምታ ወደዚህ ያዘነብላል። በበኩሌ ይህንን አልቀበልም። የበርሊኑ ምሽት ራሱ ይመሰክርብናል። በ7ኛው ደቂቃ ያየነው ጥበብ የቁጣ ልጅ አልነበረም። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ እንደ ቡፎን ባለ ግብ ጠባቂ ፊት፣ ኳስን እንደዚያ ቀስ አድርጎ ማንሣት የሚችለው ፍጹም የረጋ ልብ ያለው ሰው ነው። የ110ኛው ደቂቃ ድርጊት ለዚያ ጥበብ አንዳች አልጨመረለትም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ከሜዳ ማውጣት ነው። ይህም የመጀመሪያው አልነበረም። በ1998 የዓለም ዋንጫ የሳዑዲ ዓረቢያ ተጫዋች በመርገጡ ሁለት ጨዋታ ታግዷል፤ ተመልሶ በፍጻሜው ብራዚል ላይ ሁለት ግቦች በጭንቅላቱ አስቆጠረ። በ2000 በጁቬንቱስ ሳለ የሃምቡርግን ተጫዋች በጭንቅላቱ በመምታቱ በአውሮፓ ውድድር አምስት ጨዋታ ተቀጥቷል። በተጫዋችነት ዘመኑ 14 ቀይ ካርዶች አይቷል። ቁጣ የጥበቡ ማገዶ ቢሆን ኖሮ፣ ከእነዚህ ቀኖች በአንዱ እንኳ ሲያበራለት ባየን ነበር።

በፊልሙ ላይ ያለኝ ዋና ነቀፌታ ግን ሌላ ነው። 17 ካሜራዎች አንድን ሰው ብቻ ሲከተሉ፣ ያ ሰው የሚመታው ሰው ከሥዕሉ ውጭ ይቀራል። ሌላው ሰው ጥላ ነው፣ ክንድ ነው፣ ያልፋል። ውበትን ብቻ ለሚያይ ዐይን ተበዳይ የለም። ምግባር ደግሞ በባሕርዩ ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ሰውን ለሁለት መክፈል

አሲፍ ካፓዲያ የሠራው «ዲዬጎ ማራዶና» የተባለ ዘጋቢ ፊልም በ2019 ወጣ። ከ500 ሰዓት በላይ ከሚሆን የቆየ ፊልም ተመርጦ የተቀነባበረ ሲሆን፣ በዋናነት የሚተርከው ማራዶና ከ1984 ጀምሮ በኔፕልስ ያሳለፋቸውን ዓመታት ነው። ናፖሊ ከእርሱ በፊት አንድም ጊዜ የኢጣሊያን ሻምፒዮና አላሸነፈም ነበር፤ ከእርሱ ጋር በ1987ና በ1990 አሸነፈ፤ በ1989 ደግሞ የአውሮፓ ማኅበራት ዋንጫን ወሰደ። ከዚያ በ1991 በኮኬይን ምክንያት የ15 ወር ዕገዳ መጣ፤ በ1994 ደግሞ ከዓለም ዋንጫ በተከለከለ መድኃኒት ተባረረ።

የፊልሙ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ሁለት ነው ይላል። አንዱ «ዲዬጎ» ነው፤ ከድኾች ሠፈር የወጣ፣ አፍቃሪ፣ ዐይነ አፋር ልጅ። ሌላው «ማራዶና» ነው፤ ዝናን ለመሸከም የተፈጠረ ጭንብል። የግሉ አሠልጣኝ የነበረው ፌርናንዶ ሲኞሪኒም ሁለቱን ለይቶ ይናገራል። የሚወዱት ሰው የተናገረው ስለሆነ ልብ ይነካል። እንደ ትችት ግን አይቆምም። ሰውን ለሁለት ከፍለን ለአንዱ ዋንጫውን፣ ለሌላው ዕዳውን ስናድል፣ ያደረግነው ማስተዋል ሳይሆን የሒሳብ ማጭበርበር ነው።

ፊልሙ ራሱ ማስረጃውን ያቀርባል። ጁን 22 ቀን 1986 በሜክሲኮ ከተማ በአዝቴካ ስታዲየም አርጀንቲና እንግሊዝን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ማራዶና በ51ኛው ደቂቃ በእጁ አንድ ግብ አገባ፤ በ55ኛው ደቂቃ ደግሞ ከራሱ ሜዳ ተነሥቶ፣ ተከላካዮችን አንድ በአንድ እያለፈ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ወደር ያልተገኘለትን ግብ አስቆጠረ። በመካከላቸው አራት ደቂቃ ብቻ አለ። የመጀመሪያውን ያገባው ማን ነው? ሁለተኛውንስ? ሁለቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ድፍረትና ብልጠት አንድ ነው። አንደኛውን ለእጁ ሁለተኛውን ለእግሩ እያልን ሰውየውን መቁረጥ አንችልም።

በዚያው ቀን ለእንግሊዝ ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረው ጋሪ ሊኒከር ነበር፤ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢም እርሱ ሆነ። ሊኒከር በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ ቢጫም ሆነ ቀይ ካርድ አይቶ አያውቅም። ይህ የሚያስተምረን ሁለት ነገር ነው። ጨዋነት ግብ ከማግባት አይከለክልም፤ ግን ዋንጫም አያመጣም። ጨዋው ተጫዋች በእጅ በገባ ግብ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ሄደ። «መልካም ምግባር ሁልጊዜ ያሸንፋል» ብለን ለልጆቻችን ብንነግራቸው፣ ፊልሙን አውጥተው ሊያሳዩን ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ግድ ይላል። ሱስ በሽታ ነው። የማራዶናን ኮኬይን፣ የፖል ጋስኮይንን መጠጥ «ጠባየ ብልሹነት» ብሎ መመዝገብ ሕመምን እንደ ኃጢአት መቁጠር ነው። በማራዶና ሕመም ዙሪያ በእግሮቹ የሚጠቀም ክለብና በድሉ የሚጨፍር ከተማ ነበሩ፤ ፊልሙ ይህንን በሚገባ ያሳያል። ሕመም ያልሆነ ነገር ግን አለ። በ1986 በኔፕልስ የተወለደውን ወንድ ልጁን ማራዶና ለ30 ዓመታት ያህል በይፋ ልጄ ነው አላለም፤ በአደባባይ የተቀበለው በ2016 ነበር። ይህ በምንም መድኃኒት የሚሳበብ አይደለም። በእኛ ባህል አባት ልጁን መካዱ ከቀይ ካርድ የከፋ ነው። በየትኛውም ስታዲየም ግን ስለዚህ ፊሽካ አልተነፋም። ምግባር ሲጎድል ተጎጂው ብዙውን ጊዜ ከሜዳ ውጭ ያለ፣ ደጋፊ የሌለው ሰው ነው።

በአንድ ቀን ሁለት ፍርድ

ሦስተኛው ሥራ አየርላንዳዊው ሮይ ኪን በ2002 ያሳተመው ግለ ታሪክ ነው፤ የጻፈለት ጋዜጠኛው ኤሞን ደንፊ ነው። እንደ ሥነ ጽሑፍ ከሦስቱ ሻካራው ይኸው ነው። ለጥያቄያችን ግን ከሁለቱ ፊልሞች ይበልጥ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም ሰውየው ራሱን ለሁለት አይከፍልም፣ የተመታውንም ሰው ከሥዕሉ አያስወጣም።

በሮይ ኪን ሕይወት ውስጥ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል። ኤፕሪል 21 ቀን 1999 ማንቸስተር ዩናይትድ በቱሪን ከጁቬንቱስ ጋር በአውሮፓ ሻምፒዮናዎች ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ሲጫወት፣ ገና በ11ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 ይመራ የነበረው ጁቬንቱስ ነው። አምበሉ ኪን በጭንቅላቱ የመጀመሪያውን ግብ መለሰ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቢጫ ካርድ ተሰጠው፤ ይህም ቡድኑ ለፍጻሜ ቢያልፍ እርሱ እንደማይጫወት ያረጋገጠ ነበር። ሌላ ሰው ልቡ በወደቀ ነበር። ኪን ግን ከዚያ በኋላ ለራሱ ሳይሆን ለሌሎች በሚሆነው ፍጻሜ፣ አቅሙን ሳይሰስት ተጫወተ። ዩናይትድ 3 ለ 2 አሸነፈ፤ በፍጻሜውም ያለ ኪን ዋንጫውን ወሰደ። ጽናት የሚባለው ሁለተኛው ጠባይ የተሰጥኦ አካል መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ያንን ጨዋታ ይመልከት።

ልክ በሁለት ዓመቱ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2001፣ ኪን በማንቸስተር ሲቲው ኖርዌጂያዊ አልፍ ኢንገ ሃላንድ ጉልበት ላይ በጫማው ገባበት። ነገሩ የቆየ ቂም ነበረው። በ1997 ኪን ሊድስ ላይ ሲጫወት ሃላንድን ለማስጣል ሲሞክር የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ሃላንድ ግን አስመስሎ የወደቀ መስሎት በላዩ ቆሞ ተናገረው። ኪን የውድድር ዘመኑን አጣ፤ ንግግሩን ግን አልረሳም። በ2001 ቀይ ካርድ አየ፤ ታገደ፤ ነገሩም ተዘነጋ። በ2002 መጽሐፉ ወጥቶ ድርጊቱ የታሰበበት እንደ ነበር ሲገልጽ ግን የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር አምስት ጨዋታ አገደው፣ 150,000 ፓውንድም ቀጣው። በችሎቱ ላይ ደንፊ ቃላቱ የራሱ እንደ ነበሩ ተናገረ። ኪንም በ2014 ከሮዲ ዶይል ጋር ባወጣው ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ሊያሳምመው እንጂ አካሉን ሊያጎድል አልፈለገም ነበር የሚል ማብራሪያ ሰጠ።

ስለ መጽሐፉ ያለኝ ፍርድ ሁለት ፊት አለው። አንደኛ፣ በዚህ ዘመን ከሚታተሙት የተጫዋቾች ግለ ታሪኮች ሁሉ የሚለየው ሐቁን መናገሩ ነው፤ ተጫዋቹ የማይታጠፍ ልቡ በቱሪንም በማንቸስተርም ያው መሆኑን አንባቢው እንዲያይ ያደርጋል። አንዱን ልብ ሳይለውጥ በአንድ ቀን ከፍ ያለ ነገር፣ በሌላው ቀን ዝቅ ያለ ነገር ሠራበት። ሁለተኛ፣ ሐቅ መናገር ብቻውን ጸጸት አይደለም። መጽሐፉ ቂሙን እንደ ክብር ይተርከዋል፤ ግልጽነቱን እንደ ንስሐ እንድንቆጥርለት ይፈልጋል። ግልጽነት ግን የበደለውን ሰው ጉልበት አይጠግንም።

ከመጽሐፉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን ከመጽሐፉ በኋላ የሆነው ነው። ኪን በ1993 ወደ ዩናይትድ ገብቶ ሰባት የሊግ ዋንጫዎችን ያነሣ ሰው ነው። የሃላንድ ጉዳይ ከክለቡ አላስወጣውም። መጽሐፉም አላስወጣውም። በ2002 የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ከአየርላንድ አሠልጣኝ ከሚክ ማካርቲ ጋር ተጣልቶ ከሳይፓን ደሴት ወደ ቤቱ ሲመለስም ክለቡ አላስወጣውም። የወጣው በኖቬምበር 2005፣ በ34 ዓመቱ፣ እግሩ መድከም ሲጀምር፣ የራሱን የቡድን ጓደኞች በክለቡ የቴሌቪዥን ጣቢያ በመንቀፉ ነው። ለ12 ዓመታት «መሪነት» ይባል የነበረው ያው ምላስ በአንድ ጊዜ «ችግር» ሆነ። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጉልበቱ ነው።

የምሕረት ዋጋ

እንግዲህ «አመል ያወጣል ከመሐል» የሚለውን ምሳሌ ለሙያ ኳስ ስናውለው ማሻሻያ ያስፈልገዋል። ባለ ተሰጥኦውን አመሉ አያወጣውም፤ አመሉ የሚያወጣው እግሩ ከደከመ በኋላ ነው። ምሕረት በሜዳ ላይ የተሰጥኦ ደመወዝ ነው፤ ተሰጥኦው ሲያልቅ ምሕረቱም ያልቃል። የካፓዲያ ፊልምም ስለ ኔፕልስ የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ጁላይ 3 ቀን 1990 አርጀንቲና በዚያው በኔፕልስ ኢጣሊያን ከዓለም ዋንጫ ካስወጣች በኋላ፣ ለዓመታት ያልታየ የመሰለው ነገር ሁሉ በድንገት ይታይ ጀመር።

ከዚህ ሌላ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። «እገሌ እንዲያ እየሆነ ታላቅ ነበር፤ ስለዚህ ጠባይ ቦታ የለውም» የሚለው ማስረጃ ጎዶሎ ነው። የምናውቃቸው የተረፉትን ነው። በዚያው አመል፣ በትንሹ ያነሰ ችሎታ ይዘው በ19 ዓመታቸው የተባረሩትን ማንም ፊልም አልሠራላቸውም። ለአንድ ማራዶና የተሰጠውን ምሕረት ቆጥሮ ልጁን የሚያሳድግ ሰው፣ ያልተማሩትን መቁጠር ረስቷል።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። በ1962 በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ 4 ለ 2 ስታሸንፍ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆና፣ በተጨማሪ ሰዓት ነው ዋንጫውን የወሰደችው። ይህ ታሪክ በስደት አገር ሲተረክ ሁልጊዜ የወኔ ታሪክ ነው፤ «ልብ ነበራቸው» እንላለን። ልብ ነበራቸው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ ኳስ ያውቁ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ቡድኑን ያሠለጠኑት በፉከራ አልነበረም። ያሸነፈውን ሁሉ «ጽኑ»፣ የተሸነፈውን ሁሉ «ልፍስፍስ» የምንል ከሆነ፣ ጠባይ የምንለው ነገር የውጤት ሌላ ስም ብቻ ይሆናል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ያጣነውን ዋንጫ ሁሉ በወኔ ማነስ ስናሳብብ ኖረናል፤ ስለ ልጆች ሥልጠና፣ ስለ ሜዳ፣ ስለ አሠልጣኝ ትምህርት ለመነጋገር ግን ጊዜ አጥተናል። ጠባይን ማወደስ አንዳንድ ጊዜ ከሥራ ማምለጫ ነው።

መልሴ

ጥያቄውን ከፍቼ መተው ተገቢ አይመስለኝምና መልሴን በአጭሩ ላስቀምጥ። ትጋትና ጽናት ከተሰጥኦ እኩል ናቸው ማለት እንኳ ያንሳቸዋል፤ በሙያ ደረጃ የተሰጥኦ ግማሽ አካል ናቸው። ታዛዥነት ጠባይ አይደለም፤ ለአስተዳዳሪ የሚመች ነገር ነው፤ በሚዛኑ ላይ መቀመጥም የለበትም። ምግባር ግን ለማሸነፍ ከተሰጥኦ እኩል አይመዝንም። ይህን መካድ ሐሰት ነው፤ ሦስቱም ሥራዎች ይመሰክራሉ።

ነገር ግን ምግባር ዋጋ የሚያገኘው ስላሸነፈ አይደለም። ለማሸነፍ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ሌላ የልምምድ ዓይነት በሆነ ነበር፤ ክለቦችም በገዙት ነበር። ምግባር የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው፤ በማቴራዚ ደረት፣ በሃላንድ ጉልበት፣ 30 ዓመት በጠበቀ ልጅ። ሁለቱን ሚዛኖች ስናደባልቅ ነው የምንሳሳተው። ደጋፊ ግብን አምጥቶ በበደል ላይ ይከፍላል፤ ተቺ ደግሞ በደልን አምጥቶ ግቡን ይሰርዛል። የሁለቱም ገንዘብ በሌላው አገር አይሠራም።

በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ፣ በሌላም አገር ባሉ ትናንሽ የስደተኞች ውድድሮች ላይ፣ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እነዚያ ልጆች የሚሰሙት ስለ ኳስ ብቻ አይደለም፤ እኛ ለታላላቆች ምን እንደምንፈቅድ፣ ለታናናሾች ምን እንደምንከለክል ይሰማሉ። የ1986ቱን ሁለተኛ ግብ ሲያዩ አፋቸውን ከፍተው ይደነቁ፤ እኛም አብረን እንደነቅ። የመጀመሪያውን ሲያዩ ደግሞ እየሳቅን «ብልጥ ነበር» ብለን አንለፈው። ፍርድ መስጠት የሚለማመዱት ከዚህ ነውና፤ ነገ ፍርዱን የሚሰጡት ግን በተጫዋች ላይ ብቻ አይሆንም።

መዝገቡ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለሥራው፣ አንዱ ለምግባሩ። በሁለቱም ሽፋን ላይ የሚጻፈው ስም ግን አንድ ነው።